ቤት ለቤት የተሠራ ሳይንስ፦ ቡታጅራና የአእምሮ ሕመም ምርምር ታሪክ

የአንድ ተመራማሪ የኅትመት ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚገለበጠው ለማዕረግ ዕድገት ነው። ኮሚቴ ተቀምጦ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ፣ በየትኛው መጽሔት እንደወጣለት፣ ስንት ሰው እንደጠቀሰው ይቆጥራል፤ ቆጠራው ሲያልቅ ዝርዝሩ ወደ ፋይሉ ይመለሳል። ይኸው ዝርዝር እንደ ታሪክ ሰነድ ቢነበብ ግን ሌላ ጥያቄ ይመልሳል። ጥናቱ የት ተካሄደ? ወጪውን ማን ሸፈነ? ከመጀመሪያው ስም ቀጥሎ እነማን ተሰለፉ? ከዐሥር ዓመት በኋላስ እነዚያው ስሞች አሉ ወይስ ተበትነዋል? የኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመም ምርምር እንዲህ ለመነበብ ይመቻል። መስኩ ጠባብ፣ ሰዎቹም ጥቂት ስለነበሩ፣ ከመስኩ ተመራማሪዎች አንዱ ከሆኑት ከፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ጽሑፎች ተነስቶ የተባባሪዎቻቸውን ስም የተከተለ አንባቢ የመስኩን አብዛኛውን ታሪክ በአንድ ክር ያገኘዋል። ክሩ ደግሞ ደጋግሞ ወደ አንድ ሥፍራ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ቡታጅራ ይመራል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተውም ይህንኑ ነው፦ የኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመም ጥናት በዓለም መድረክ ሊጠቀስ የበቃው በጽሑፍ ብዛት ወይም በለጋሽ ብር ብቻ አይደለም። በአንድ ሥፍራ ዓመታት በመቆየቱ፣ በዚያ ሥፍራ የሠለጠኑትም ሰዎች እዚያው ተመልሰው በመሥራታቸው ነው።

ከቡታጅራ በፊት የነበረው ታሪክ አጭር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዲስ አበባ፣ መርካቶ አቅራቢያ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሐኪሙ የሚያውቀው ደጁ ድረስ የመጣለትን ሕመምተኛ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የታሰረው፣ ጠበል የከረመው፣ በየጎዳናው የሚንከራተተው በሆስፒታል መዝገብ ላይ አይገኝም። ይህን ግድግዳ አልፈው ወደ ሕዝቡ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች መካከል በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት ኔዘርላንዳዊው ሳይካትሪስት ሮበርት ጊል ይገኙበታል። ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንዲት አነስተኛ ከተማና በደቡብ ምዕራብ ባለ አንድ የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደተስፋፋ አጠኑ፤ በ1968 ደግሞ በጊዮን፣ ዛሬ ወሊሶ በምንላት ከተማ፣ ስለ እምነት ፈውስና ስለ መንፈስ ልክፍት ጽሑፍ አወጡ። የከተማዋ ጥናት በ1969 በብሪታንያ የሳይካትሪ መጽሔት ታትሟል። በእነዚህ ጽሑፎች ላይ እንደነ ዮሴፍ ገዛኸኝ፣ ኋላም እንደነ ፍቅሬ ወርቅነህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስሞች ይታያሉ። ጥናቶቹ በዘመናቸው ጥሩ ነበሩ፤ ነገር ግን በየቦታው አንድ ጊዜ ተካሂደው አበቁ። ጊል ወደ ግሮኒንገን ተመልሰው የማኅበራዊ ሳይካትሪ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ እዚያች ከተማና እዚያ መንደር ተመልሶ ‹‹እነዚያ ሰዎች ዛሬ እንዴት ናቸው?›› ብሎ የሚጠይቅ ቋሚ ተቋም አልነበረም።

ቀጥሎ የመጡት ሰዎች ሌላ ችግር አነሱ። በ1980ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት ሌላው ኔዘርላንዳዊ ፍራንክ ኮርትማን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስፋፋውን አጭር መጠይቅ ወስደው ፈተሹት። መጠይቁ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለመሳሰሉት እየጠየቀ ‹‹አዎ›› ወይም ‹‹አይደለም›› የሚል መልስ የሚቀበል ነው። ኮርትማን ከባልደረባቸው ጋር በ1988፣ ከዚያም ለብቻቸው በ1990 ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ መላሹ ጥያቄውን የተረዳበት መንገድና ለመመለስ የተነሳበት ምክንያት ውጤቱን እንደሚያዛባው አሳይተዋል። ነጥቡ ቀላል አይደለም። ወረቀት ይዞ ከመጣ እንግዳ ፊት የተቀመጠ ገበሬ ‹‹አዎ፣ ያመኛል›› ሲል መልሱ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እርዳታ ይመጣል የሚል ተስፋም ሊሆን ይችላል፤ እንግዳን ላለማሳፈር የተሰጠ ትህትናም ሊሆን ይችላል። ስዊድናዊው ላርስ ያኮብሰንም በዚሁ ጊዜ አካባቢ በምዕራብ ኢትዮጵያ ባለ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ለተመላላሽ ሕክምና የሚመጡትን ሰዎች አጥንተው በ1985 አሳትመዋል፤ በኋላም ከፈቃዱ መርዳሳ ጋር ከ1974ቱ አብዮት በፊት በምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቡ የአእምሮ ሕመምን እንዴት ይረዳና ያክም እንደነበር ጽፈዋል። ኮርትማን የተዉት ጥያቄና ያኮብሰን በኢትዮጵያና በስዊድን መካከል ያቆዩት ዝምድና ሁለቱም በቡታጅራ ተገናኙ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሊመለስ የሚችለው ጠያቂው እንግዳ መሆኑን ሲያቆም ብቻ ነበር፤ ዝምድናው ደግሞ ያንን አስቻለ።

የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም በ1986 ሲጀመር ለአእምሮ ሕመም የታሰበ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት በሳሬክ ድጋፍ ያቋቋሙት ሲሆን፣ ቀዳሚ ትኩረቱ የሕፃናት ሞትና በሽታ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ ከነበሩት ቀበሌዎች ዐሥር ተመረጡ፤ ዘጠኙ የገጠር፣ አንዱ የከተማ። ከደጋው እስከ ቆላው የተዘረጋ አካባቢ ነው፤ እንሰት፣ በቆሎ፣ ጫት፣ የማረቆ በርበሬ ይበቅልበታል። በመጀመሪያ ቤቱ ሁሉ ተቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ ከአካባቢው የተመለመሉ መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ለቆ እንደሄደ፣ ማን እንደገባ መዘገቡ። ሥራው አሰልቺ ይመስላል። ውጤቱ ግን በአገሪቱ ውስጥ እምብዛም ያልነበረ ነገር ሆነ፦ በስም፣ በቤትና በዕድሜ የሚታወቅ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር የሚታደስ የሕዝብ መዝገብ። ለተመራማሪ ይህ ማለት አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ከዜሮ መነሳት አያስፈልግም ማለት ነው። ለነዋሪው ደግሞ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰው የጎረቤት ልጅ ሆነ።

የአእምሮ ሕመም ጥናት በዚህ መዝገብ ላይ ሲጨመር የሰው አሠለጣጠኑ ወሳኝ ነበር። በኡሜኦ የዶክትሬት ሥልጠና ተማሪው መረጃውን አገሩ ላይ ይሰበስባል፣ ለትምህርትና ለጽሑፍ ወደ ስዊድን ይመላለሳል፣ ጨርሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። የማነ ብርሃነ በእናቶች ጤና ላይ የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አታላይ ዓለም በ1997 ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ በገጠር ኢትዮጵያ ስላለው የአእምሮ ጭንቀት፣ ራስን ስለ ማጥፋት ሙከራ፣ ስለ ጫትና ስለ አልኮል ሲሆን፣ መነሻው በቡታጅራ 10,468 ጎልማሶች ላይ የተደረገ የቤት ለቤት ጥናት ነው። ውጤቶቹ ዛሬም የሚጠቀሱ ናቸው። ከተጠየቁት 55.7 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ጫት ቅመው ያውቃሉ፤ በጥናቱ ወቅት ይቅሙ የነበሩት 50 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 17.4 በመቶው በየቀኑ ይቅሙ ነበር። 3.2 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜም ቢሆን ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። 17 በመቶ ያህሉ ላይ ከፍ ያለ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ተገኘ። በዚያው አካባቢ የአገር ሰዎችን በመጠየቅ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕዝቡ ለአካል በሽታ ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ይበልጥ ባህላዊውን ሕክምና እንደሚመርጥ አሳየ። እነዚህ ጽሑፎች በ1999 በስካንዲኔቪያው የሳይካትሪ መጽሔት ልዩ ዕትም ላይ ሲወጡ፣ ከጎናቸው የደረጀ ከበደ የአዲስ አበባ ጥናትም ነበረ። ከዚያ በፊት በ1996 እነዚሁ ተመራማሪዎች ዓለም አቀፉን የምርመራ ቃለ መጠይቅ ወደ አማርኛ አስመልሰው ምን ያህል እንደሚሠራ ፈትሸው ነበር። የኮርትማን ወቀሳ ሳይሰማ አልቀረም ማለት ነው፤ መሣሪያው ከመለካቱ በፊት ራሱ ተለካ።

ትልቁ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው የስታንሊ የሕክምና ምርምር ተቋም ድጋፍ፣ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ከኡሜኦ ሰዎች ጋር ሆነው በቡታጅራ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አጣሩ። ማጣሪያው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በአማርኛ የተዘጋጀው ቃለ መጠይቅ ነው። ሁለተኛው በአካባቢው ያለውን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎችን፣ ማለትም ሽማግሌዎችንና ሌሎች ነዋሪዎችን፣ ‹‹ከዚህ መንደር ባሕርዩ የተለወጠ፣ ከሰው የተለየ ማን አለ?›› ብሎ መጠየቅ ነው። በሁለቱም የተጠረጠረው ሰው ከዚያ በኋላ በሐኪም ይመረመራል። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በ2002 ሁለቱን መንገዶች ሲያወዳድሩ የተገኘው ውጤት ለአሠራር ትልቅ ትምህርት ነበር፦ ጠቋሚ ሰዎች ይበልጥ የሚያገኙት ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው ነው፤ የስሜት መዛባት ያለበትን ግን ቃለ መጠይቁ የተሻለ ይይዘዋል። ጎረቤት የሚያየው በአደባባይ የሚታየውን ነው፤ ውስጥ ለውስጥ የሚበላውን ሐዘን ግን ባለቤቱ ካልተናገረው አያውቅም። በመጨረሻ 321 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ተለዩ፤ ከሺህ ሰው 4.7 ማለት ነው። ከእነዚህ በሕይወቱ የሥነ ልቦና ቀውስ መድኃኒት ወስዶ የሚያውቀው ከዐሥሩ አንድ እንኳ አይሞላም። ማንም ሐኪም ሳያያቸው ዓመታት የታመሙ ሰዎች በመቶዎች ተገኙ፤ እያንዳንዳቸውም በስምና በቤት ይታወቁ ነበር።

እዚህ ላይ ቡታጅራ ከአንድ የዓለም ክርክር ጋር ተጋጠመች። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች፣ በኋላም በሌሎች ማዕከሎች ባካሄዳቸው ጥናቶች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በድሃ አገሮች ከሀብታሞቹ አገሮች የተሻለ ይድናሉ የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሶ ነበር። አፍሪካን በአብዛኛው የወከለችው የናይጄሪያዋ ኢባዳን ናት። ሐሳቡ ደስ የሚል ነበር፤ የተሳሰረ ቤተሰብና ለስላሳ የገጠር ኑሮ ለሕመሙ መድኃኒት ናቸው የሚል ተስፋ ይሰጣል። እነዚያ ጥናቶች ግን ሰዎቻቸውን በአብዛኛው ያገኙት ወደ ሕክምና ተቋም ከመጡት መካከል ነው። ቡታጅራ ያልመጣውን ጭምር ቤቱ ሄዳ አገኘች። በ2009 አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት የክትትል ውጤት ከተስፋው ጋር አይገጥምም። ሦስተኛው እጅ ያህል፣ 30.8 በመቶው፣ በክትትሉ ዘመን ያለማቋረጥ ታሞ ነበር፤ በአብዛኛው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ድኖ የቆየው 5.7 በመቶ ብቻ ነው። በ2015 አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው ያወጡት የዐሥር ዓመት ክትትል ደግሞ ይበልጥ የከፋ ነገር ተናገረ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 919 ሰዎች 121 ሞተዋል፤ የሞታቸው መጠን ከአካባቢው ሕዝብ እጥፍ ያህል ነው፤ ከሌላው ሰው ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ይሞታሉ፤ ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። በ2008 የቀደመውን መደምደሚያ በአዲስ ዓይን ያየው ዓለም አቀፍ ግምገማ ተስፋውን በጥያቄ ውስጥ ሲያስገባ የኢትዮጵያ መረጃ ከማስረጃዎቹ አንዱ ነበር። አስተውሉ፦ ይህን መልስ የሰጠው አንድ ብልህ ጽሑፍ አይደለም። በ1986 የተጀመረ መዝገብ፣ በ1990ዎቹ የሠለጠኑ ሰዎች፣ በዓመት በዓመት የተንኳኳ በር ነው።

ቆይታ ምን እንደሚያመጣ ይበልጥ የሚታየው አጭር ጥናት ካስገኘው ስህተት ጋር ሲነጻጸር ነው። በዚያው ዘመን ይኸው ቡድን ከቡታጅራ ውጭም ወጥቶ ነበር። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት በ2004 ሲታተም 1.83 በመቶው ላይ ባይፖላር የተባለውን የስሜት መዛባት ሲያገኝ፣ ስኪዞፍሬኒያ ግን አላገኘም። በዚያው ዓመት ስለ ቦረና ከፊል ዘላን ማኅበረሰብ የታተመው ጥናት 1,854 ሰዎች ጠይቆ አንድም የሥነ ልቦና ቀውስ ያለበት ሰው አላገኘም። አንድ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ‹‹ስኪዞፍሬኒያ የሌለበት ሕዝብ›› የሚል ተረት ይወለድ ነበር፤ ጥቂት ሰዎችም ለዚህ ምክንያት ይፈጥሩለት ነበር። ተሾመ ሽብሬ፣ ሰለሞን ተፈራ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረባቸው ግን ተመልሰው ሄዱ። በዚህ ጊዜ መጠይቅ ብቻ አልያዙም፤ 56 የአካባቢውን ሰዎች በቡድን አወያዩ። ቦረናዎቹ የገለጹት ሕመም ሐኪሞች ከሚያውቁት ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆነ፤ ጠቋሚዎቹም ሕመምተኞችን ለይተው አወጡ። በ2010 የወጣው ጽሑፍ ሕመሙ እንደነበረ፣ ያልነበረው የሚያገኘው መንገድ እንደሆነ አረጋገጠ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያረመው የመጀመሪያውን የጻፉት ሰዎች ቡድን ራሱ ነው። በሳይንስ ከዚህ የሚበልጥ የታማኝነት ምልክት ብዙ አይገኝም፤ ይህ ሊሆን የቻለውም ቡድኑ ስላልተበተነ ነው።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስም ዝርዝሩ ላይ ከኡሜኦ ይልቅ ለንደን እየበዛ ይመጣል። አበባው ፈቃዱ ቡድኑን ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ጋር ሲያስተሳስሩ፣ ከዚያው ተቋም የመጡት ሻርሎት ሃንሎን ደግሞ በቡታጅራ መዝገብ ላይ ተመሥርተው 1,065 ነፍሰ ጡሮችን የተከተለ ጥናት መርተዋል። ጥያቄው ከደቡብ እስያ የመጣ ነበር፤ በዚያ የእናት ድብርት ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል ተብሎ ተዘግቦ ነበርና። በ2009 የታተመው የቡታጅራ ውጤት ግን በክብደት ላይ ይህን ግንኙነት አላገኘም፤ ያገኘው የምጥ መራዘምንና ጡት ማጥባት ዘግይቶ መጀመርን ነው። ይህ ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ጠቃሚ ምሳሌ ነው። የተውሶ ጥያቄ የተውሶ መልስ ይሰጣል የሚል ፍርሃት ካለ፣ እዚህ ላይ ጥያቄው የተውሶ ነበር፣ መልሱ ግን የአገሩ ሆነ። ምክንያቱም መልሱ የተለካው በአገሩ መዝገብ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ገንዘቡ የስዊድን፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ነው፤ መጽሔቱ የውጭ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ ይህን የኢትዮጵያ ምርምር ማለት ራስን ማታለል አይደለም? ተቃውሞው መሠረት አለው። በ2001 በብሪታንያው የሳይካትሪ መጽሔት የታተመ ቆጠራ በስድስት ታዋቂ መጽሔቶች ላይ ከሚወጡት ጽሑፎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ ከሚኖርባቸው አገሮች የመጣው 6 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። መድረኩ የተዘነበለ ነው፤ በተዘነበለ መድረክ ላይ የቆመ ሁሉ ወደ አንድ በኩል መንሸራተቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የመልሱ ቁልፍ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ቀረ የሚለው ነው። በ1960ዎቹ የወሊሶ ጥናት ሲያበቃ የቀረው ጽሑፍ ነው። የስዊድኑ ትብብር ሲቀንስ ግን መዝገቡ፣ የሠለጠኑት ሰዎችና የተጣሩት ሕመምተኞች ዝርዝር እዚሁ ቀሩ። የመጀመሪያ ስሞቹም ተቀያየሩ፤ ከጊል ወደ አታላይና ደረጀ፣ ከእነርሱ ወደ ተሾመ፣ ሰለሞንና አበባው። ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገው ትብብርም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር በመላው አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። የካናዳ ሐኪሞች በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ወር፣ ሁለት መምህራንና አንድ ሬዚደንት ሆነው እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ሥልጠናው አገር ቤት በመሆኑ ተማሪው ከሕመምተኛው ቋንቋና ከሆስፒታሉ ሳይነጠል ተማረ። በውጭ ሠልጥኖ በውጭ ከሚቀር ሐኪም የሚለየው ይህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቡታጅራ ኢትዮጵያ አይደለችም የሚል ነው። ትክክል ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነበት፣ ጫት በጓሮ የሚበቅልበት፣ ለዋና ከተማ የሚቀርብ አካባቢ ለትግራይ ደጋ ወይም ለኦጋዴን ሜዳ ምስክር ሊሆን አይችልም። ከመረጃው ውስጥ ራሱ ለጥንቃቄ የሚጠራ ነገር አለ፤ ከ321ዱ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች 83.2 በመቶው ወንዶች ናቸው። በሌላው ዓለም ልዩነቱ እንዲህ አይሰፋም። ሕመሙ በእርግጥ ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል? ወይስ የታመመች ሴት ቤት ውስጥ ስለምትደበቅ ጎረቤት አይጠቁማትም? ወይስ ቀድማ ትሞታለች? ጥናቱ ይህን ቋጠሮ ሙሉ በሙሉ አልፈታውም። ግን ቡታጅራን ለመተቸት የሚያስፈልገው ማስረጃ የመጣው ከቡታጅራ ነው፤ በአንድ ጊዜ ጉብኝት የተሠራ ጥናት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማንሳት የሚበቃ ቁጥር እንኳ አይኖረውም። የአንድ ቦታ ጥናት ድክመት የሚታረመው ብዙ ቦታዎችን ለአጭር ጊዜ በመጎብኘት አይደለም። የሚታረመው ሌላ ቦታ ላይም እንዲሁ በመቆየት ነው። የቦረናና የዝዋይ ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ጽሑፍ አያድንም። ሕመምተኛው በሰንሰለት ታስሮ እያለ የሞቱ መጠን እጥፍ ነው ብሎ ማሳተም ለማን ይጠቅማል? ቤተሰቡ የሚያስረው በጭካኔ አይደለም፤ መድኃኒት በሌለበት፣ ልጁ ወንዝ እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ፣ እንዳይጠፋ ሲሰጋ ነው። በ2001 ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው 178 የሕመምተኛ ዘመዶችን ጠይቀው ሦስት አራተኛዎቹ ቢያንስ በአንድ መልኩ መገለልን እንደሚያዩ ጽፈዋል፤ 37 በመቶ ያህሉ የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ ይፈልጉ ነበር። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ሰንጠረዥ እህል ውሃ አይሆነውም። ሆኖም ከጽሑፍ ወደ ሕክምና የተሄደው መንገድ እዚሁ አካባቢ በግልጽ ይታያል። ከ1987 ጀምሮ በአማኑኤል የሠለጠኑት የሳይካትሪ ነርሶች ወደ ክልል ሆስፒታሎች ተሠማሩ፤ በቡታጅራም ለሕመምተኞቹ ሕክምና የሰጡት ነርሶች ናቸው። አገሪቱ በ2012 ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ስታወጣ የአገር ውስጥ ቁጥር በእጇ ነበር። ቀጥሎ ከቡታጅራ ጎረቤት በሆነችው በሶዶ ወረዳ፣ ኢትዮጵያን፣ ህንድን፣ ኔፓልን፣ ደቡብ አፍሪካንና ኡጋንዳን ባስተሳሰረው ፕራይም በተባለ ፕሮግራም ሕክምናውን ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ተሞከረ። በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ሙከራ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው 329 ሰዎች የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጡት ክትትል የሳይካትሪ ነርሶች ከሚሰጡት የሆስፒታል ክትትል እንደማያንስ አሳየ። በዚያው ዓመት በሶዶ 48 ቀበሌዎች የተካሄደ ሌላ ሙከራ የአካባቢ ሰዎች ቤት እየሄዱ የሚሰጡት የተሃድሶ ድጋፍ ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች ያለውን ጥቅም ፈትኗል። እርግጥ ሁለት ሙከራዎች አገር አያድኑም፤ የመድኃኒት አቅርቦት ከተቋረጠ ከሁሉ የበለጠው ጥናትም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ነገር ግን ለጤና ሚኒስቴር ‹‹ጤና ጣቢያው ይችላል›› ለማለት በመጀመሪያ ሕመምተኛው የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ሳይታከም ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ግድ ነበር። ያ ዕውቀት በሌለበት ሕክምናው የሚቃኘው በግምት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ አስተዳደርም፣ ለለጋሽም፣ ለዕድገት ኮሚቴም ይሠራል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዝተዋል፤ ዓለም አቀፍ ትብብር የሚል ማስታወቂያም በየደጃቸው ተለጥፏል። ብዙዎቹ ትብብሮች ሦስት ዓመት ይኖራሉ፣ ጥቂት ጽሑፍ ያወጣሉ፣ በጀቱ ሲያልቅ መረጃው በአንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። በጽሑፍ ብዛት ብቻ የሚመዘን ሥርዓት ይህን ይሸልመዋል፤ በሦስት ቦታ ሦስት አጭር ጥናት የሠራ ሰው በአንድ ቦታ አንድ ረጅም ክትትል ከያዘው ቀድሞ ያድጋልና። ቡታጅራ የምታሳየው የተገላቢጦሹን ነው፤ ዋጋ ያወጡት ጽሑፎች፣ ለምሳሌ የ2009ኙና የ2015ቱ፣ በተጀመሩበት ዓመት ቢመዘኑ ዜሮ ነበሩ። ስለዚህ አዲስ ትብብር ሲፈረም መጠየቅ ያለበት ስንት ጽሑፍ ይወጣል ብቻ አይደለም። መዝገቡን ከፕሮጀክቱ በኋላ ማን ይይዘዋል? ዶክትሬቱን የሚሠራው ተማሪ የት ሆኖ ይሠራዋል፣ ሲጨርስስ የት ይቀመጣል? ለጥናቱ ስማቸውን የሰጡ ሕመምተኞች ክትትሉ ሲያበቃ ሕክምናቸው ይቀጥላል? የእነዚህ መልስ በስምምነቱ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ትብብሩ እንደ 1960ዎቹ ጥናቶች የተከበረ ጽሑፍ ትቶ ያልፋል። ከተጻፈ ግን ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ የዛሬን መደምደሚያ የሚያርም ሰው በአገሩ ይገኛል።